ጉማሬው የሚመለስበት ሰዓት

ሰኞ

አልሄድም ብዬ ነበር። ሄድኩ። እስከ ግማሽ መንገድ።

ሁሉም የመጣው በእማዬ ነው። ትምህርት ቤት ለሴሚስተር ዕረፍት ሲዘጋ "ባቱ ሄደሽ አክስትሽ ጋ ሰንብቺ፣ አየር ትቀይሪያለሽ" ብላ ከአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ላይ ጫነችኝ። አየር መቀየር ማለት ምን እንደሆነ ትናንት ማታ ገባኝ። ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ አክስቴ ዘሃራ፣ "ሀያትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አባባን ማሳ የምታደርሺያቸው አንቺ ነሽ" አለችኝ። ሽልማት የምትሰጠኝ ነበር የምትመስለው።

አባባ የምንላቸው አያቴን ነው፤ ሐጂ ይማም። ወሎ ተወልደው ባቱ ያረጁ የቲማቲም ገበሬ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ። ሐኪሙ በቀላሉ ይገፈፋል ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን "ቲማቲሙ ሳይሸጥ ዓይኔን ለማንም አልሰጥም" ብለው እምቢ አሉ። ሐኪሙ ዓይናቸውን ወስዶ ገበያ የሚያወጣባቸው ይመስል! እናም በየቀኑ ሱብሂ እንደሰገዱ፣ ገና ሰው ከዛፍ ሳይለይ፣ ዱላቸውን እየመቱ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። የውሃ ሞተራቸውን ከእሳቸው በቀር ማንም እንዲያስነሣው አይፈልጉም።

ሐይቁ ውስጥ ደግሞ ጉማሬ አለ።

ቃሉን ስጽፈው ራሱ እጄን ያልበኛል። አዳማ ውስጥ የምፈራው ነገር የለም፤ ባጃጅ እንኳን እኔን ሲያይ ፍሬን ይይዛል። ግን ሕፃን ሆኜ እዚሁ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲያዞሩን ከጎናችን ውሃው አበጠና አንድ ራስ ብቅ አለ። ጆሮውን አራገፈ። አፍንጫው ተከፈተ። አየኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን ለይቶ ነው ያየኝ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ትልልቆቹ ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እዚህ መጥተን ሐይቅ ዳር ዓሣ ስንበላ እንኳን ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ አልቀመጥም።

አክስቴ ደግሞ ልታጽናናኝ ብላ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ነገረችኝ። ጉማሬው የማሳውን ዘበኛ አሯሩጦት፣ ሰውየው በዚያው ቡልቡላ፣ እናቱ ቤት ገባ። ጋቢውን እንኳን አልወሰደም። "ግን አልነካውም እኮ!" አለችኝ። አመሰግናለሁ አክስቴ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ቤቶቹ አልቀው መንገዱ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት ጋ ስንደርስ ድምፁ መጣ። ሆሆሆ የሚል፣ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ የሚስቀው ዓይነት። እግሬ ቆመ። እኔ አይደለሁም ያቆምኩት፤ ራሱ ነው የቆመው።

"አባባ፣ ጫማዬ ተበጠሰ።"

"ጫማ ሲበጠስ በእግር ይኬዳል" አሉና ቀጠሉ። ነጭ ቆባቸው ጨለማው ውስጥ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ማየት ለማይችል ሰው ዓይን እንድሆን ተልኬ እኔ ቆሜ እያየሁ እሳቸው ሳያዩ ሄዱ።

ቤት ስመለስ አክስቴ "አደረስሻቸው?" አለች። "አዎ" አልኩ። ቁርስ አልወረደልኝም።

ማክሰኞ

እስከ ማሳው ደረስኩ! የኮታቸውን ጫፍ ይዤ። ማን ማንን እንዳደረሰ አላህ ይወቀው።

ከነጋ በኋላ ቦታው ያን ያህል አያስፈራም። የእነ አባባ ማሳ ባህር ሸሽ የሚሉት ነው፤ ሐይቁ ወደ ኋላ ሲሸሽ ትቶት የሄደው ጥቁር መሬት። ውሃው አንድ እርምጃ ሲሸሽ እነ አባባ ሁለት እርምጃ ይከተሉታል። የይዞታ ወረቀት የሚባል ነገር የለውም። ለዚህ ነው "መሬት ለኪዎች መጡ" ከተባለ የሁሉም ደም ግፊት የሚነሣው። አክስቴ እንደነገረችኝ አምና አንድ የመንገድ መሐንዲስ ለሽንት መኪናውን ቢያቆም፣ እነ አባባ ለኪ መስሏቸው ሸንጎ ሆነው ከበው "እኛ እዚህ የኖርነው…" ብለው ጀመሩለት። ሰውየው ሽንቱን ሳይሸና ሄደ።

የማሳው አዋሳኞች ሁለት ናቸው። በግራ ኦቦ ቱፋ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ የሚያስሉ። በቀኝ ጋሼ ታደሰ፤ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ሬዲዮ ከጆሯቸው የማይለይ። ረፋድ ላይ ሦስቱም ግራሩ ሥር ተቀምጠው ስለ ጉማሬው መከሩ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ሰማሁ። የምክሩ ውጤት፦

አባባ፦ "እኔን ያውቀኛል። ጎረቤት ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን አይነካም።" (ዘበኛውስ? "እሱ የቡልቡላ ሰው ነው።")

ኦቦ ቱፋ፦ ባዶ ጀሪካን ሲደበደብ ይሸሻል። አባታቸውም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። በአባታቸው ጊዜ ጀሪካን ነበር ወይ ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት።

ጋሼ ታደሰ፦ "ጉማሬ ሽንኩርት ይጠላል። በሬዲዮ ተነግሯል።" ሐይቁ ዳር አንድ መስመር ሽንኩርት ተክለዋል። ጉማሬው ረግጦት አለፈ። "ረገጠው እንጂ አልበላውም። አያችሁ? ይጠላል!"

በአንድ ነገር ግን ሦስቱም ይስማማሉ፤ ጉማሬው ከመጣ መጀመሪያ የሚጠበቀው ሞተሩ ነው። የሦስቱም የውሃ ሞተር አንድ ቦታ፣ ውሃው አፍ ላይ ነው የተተከለው።

"ሰውስ?" አልኩ።

"ሰው እግር አለው፣ ይሮጣል" አሉ አባባ። "ሞተር እግር አለው?"

ከዚያ ማሳውን ዞሬ አየሁ። አሁን የምጽፈው ለራሴ ይገርመኛል፤ ቁጭ ብዬ የጉማሬ ዱካ ስመለከት ነበር። ቲማቲሙ መሃል ቀጥ ያለ መስመር ተረግጧል። ሁለት ጎድጓዳ፣ መሃሉ ከፍ ያለ። ጋሪ ያለፈበት መስሎኝ ነበር።

"ጋሪ አይደለም ኢንታላ ኮ" አሉኝ ኦቦ ቱፋ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "የእሱ እግር ነው። በግራ በቀኝ ሲረግጥ መሃሉ ይቀራል።"

የተበላ ቲማቲም ፈለግሁ። የለም። አንድም። የተረገጠ ብቻ። መስመሩ ከውሃው ተነሥቶ ማሳውን ሰንጥቆ ከላይ ካለው ሣር ይደርሳል። ሣሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

"ጋሼ፣ ጉማሬ ቲማቲም ካልበላ ምን ሊያደርግ ይመጣል?"

ጋሼ ታደሰ ሬዲዮውን ቀነስ አደረጉ። አሰቡ።

"ለክፋት።"

ረቡዕ

ጠዋት ስንወርድ ድምፁን ሰማሁ። እግሬ ግን አልቆመም። ይኼም ይጻፍ።

ሽማግሌዎቹ ዛሬ አጥር አጠሩ። የጋሼ ታደሰ ሐሳብ ነው። ማሳውን በሐይቁ በኩል፣ መንገዱ ላይ፣ በእሾህ ዘጉት። ቀኑን ሙሉ ግራር ሲቆርጡ ሲጎትቱ ዋሉ። ወደ ሞተሮቹ የሚያስወጣ ጠባብ በር ለሰው ብቻ ተዉ። አባባ እሾህ ወግቷቸው "ወላሂ ይኼን ጉማሬ ፍርድ ቤት ነው የማቆመው" ሲሉ ኦቦ ቱፋ ስቀው ስቀው ሳል ሊገድላቸው ነበር።

እኔ ጉማሬው በየት በኩል እንደሚሄድ ማየት ፈለግሁ። አክስቴን ለምኜ፣ ሳይጨልም እመለሳለሁ ብዬ፣ ላይ አስፋልቱ ዳር የቆመ ተሳቢ ላይ ወጣሁ። ከማሳው ሩቅ ነው። ከፍ ያለ ነው። ብረት ነው።

ፀሐይ ስትገባ ወጣ።

መጀመሪያ ጆሮ። ቀጥሎ ጀርባ፤ ውሃ ውስጥ የከረመ ጥቁር ፍራሽ ይመስላል። ከዚያ አጭር እግር፣ ያን ሁሉ ሆድ ተሸክሞ። ወደ እኔ አላየም። ወደ ማንም አላየም። ቀጥ ብሎ በመንገዱ መጣና እሾሁ ጋ ሲደርስ ቆመ።

አልተናደደም። አልገፋም። አሸተተ፤ ቆመ። ከሥራ ገብቶ የቤቱ ቁልፍ ተቀይሮ ያገኘ ሰው መሰለኝ። ወላሂ አሳዘነኝ። ከዚያ ዞረ። ቂጡን ወደ አጥሩ ሰጠ። ጭራውን እንደ መጥረጊያ ግራ ቀኝ እያወናጨፈ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የጋሼ ታደሰን አዲስ አጥር ከዳር እስከ ዳር ፋንድያ ቀባው።

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ተሳቢው ላይ ተጋድሜ ሳቅሁ። የፈራሁት ነገር ሲያስቀኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በአጥሩ ዳር ሄዶ፣ በቄጠማው በኩል ዞሮ፣ ላይ ሣሩ ጋ ደረሰና መጋጥ ጀመረ። ልክ እንደ ላም።

ቤት ገብቼ የስልኬ ዳታ እስኪያልቅ አነበብኩ። እስከ ዛሬ ቪዲዮውን ብቻ ነበር የማየው፤ ጩኸትና ጥርስ። ያነበብኩት ሌላ ነው። ሣር ነው የሚበላው። ሲመሽ ወጥቶ ሌሊቱን ይግጣል፣ ሳይነጋ ውሃው ይገባል፤ ፀሐይ ቆዳውን ታቃጥለዋለች። መንገዱን አይቀይርም። አፉን ሲከፍት እንቅልፍ ይዞት አይደለም፤ ወግድ እያለ ነው። ሰው የሚያጠቃው ደግሞ ርቦት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰው በእሱና በውሃው መሃል ሲገባበት ነው። ውሃው ቤቱ ነው። ከቤቴ በር ላይ ተነሡ ነው የሚለው።

ያኔ በጀልባው ቀን እኛ ነበርን እሱ የሚተኛበት ድረስ የሄድነው። እኔን ለይቶ አላየኝም። ትንሽ ቅር አለኝ መሰለኝ።

ሁሉንም አንብቤ ጨርሼ ስልኬን ላስቀምጥ ስል ደርቄ ቀረሁ። ሲመለስስ? ነገ ሊነጋ ሲል በድሮ መንገዱ ይመጣል። መንገዱ እሾህ ነው። ከእሾሁ ማዶ ሞተሩ። ሞተሩ ጋ አባባ። በሱብሂ።

እራት ላይ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ በሥርዓት። አባባ ሰሙኝ። ጎርሰው አላምጠው ዋጡ።

"ስልክሽ ሐይቅ አይቶ ያውቃል?"

"አባባ፣ ነገ አንድ ቀን ብቻ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቁ።"

"ሞተሩ በጊዜ ካልተነሣ ውሃውን ፀሐይ ትጠጣዋለች። አብሽሪ። እኔን ያውቀኛል።"

አክስቴም ለመነቻቸው። ግድግዳ ነው።

ስለዚህ አንድ ጫማቸውን ደበቅሁ። ሁለቱንም ብደብቅ ሌብነት ይሆናል። አንዱ ቀልድ ነው።

ሐሙስ

ፊደሉ ቢጣመም አይደንቅም።

አክስቴ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። "አባባ ወጥተዋል! አንቺን አልቀሰቀሱም!" ጫማ ሲያጡ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በአንድ እግራቸው የራሳቸውን፣ በአንድ እግራቸው የአክስቴን ሮዝ ነጠላ ጫማ አድርገው ሄዱ።

ሻርፔን እያሰርኩ ሮጥኩ። ሰማዩ መገርጣት ጀምሯል። ጀሪካን ሲደበደብ ከሩቅ ይሰማል። ቤቶቹ ያለቁበት ቁልቁለት ላይ ደርሼ ቁልቁል ሳይ ሁሉም ነገር ልክ እንደፈራሁት ነው።

ጉማሬው ቲማቲሙ መሃል ቆሟል። ፊቱን ወደ ሐይቁ፣ ጀርባውን ወደ እኔ። ፊት ለፊቱ እሾሁ። ከእሾሁ ማዶ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሞተራቸውን ከበው፣ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ጀሪካን ይደበድባሉ። ወደ የብስ ሊያባርሩት! ቤቱ ከኋላቸው ነው፣ እነሱ በሩ ላይ ቆመው ሂድ ይሉታል።

ጉማሬው አፉን ከፈተ። እንዲህ ያለ አፍ አይቼ አላውቅም።

"እያዛጋ ነው!" አሉ ጋሼ ታደሰ። "ደክሞታል፣ በርቱ!"

"አባባ! ከሞተሩ ይራቁ! ወደ ጎን ይሂዱ!"

"ሞተሩን ለማን ትቼ?"

"በአላህ ይዤዎታለሁ!"

"አንቺ ወደ ቤት ተመለሺ!"

ድብደባው ባሰ። ጉማሬው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። እሾህ ለእሱ ምንም አይደለም፤ ክር ነው። እስከ አሁን የቆመው ግራ ስለገባው ብቻ ነው። ጩኸት እንደማይሠራ ገብቶኛል። ሽማግሌ ሞተሩን በልመና አይተውም። ከሞተር የሚበልጥበት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው።

"ለኪዎቹ መጡ!!" አልኩ ባለ በሌለ ድምፄ። "መሬት ለኪዎች! ገመድ ዘርግተዋል! ኦቦ ቱፋ፣ በእርስዎ ማሳ ነው የጀመሩት!"

ጀሪካኑ ቆመ።

ኦቦ ቱፋ "ያ ዋቃ!" ብለው ጀሪካናቸውን ጥለው በሐይቁ ዳር ወደ ግራ ተፈተለኩ። ጋሼ ታደሰ ተከተሏቸው። ትናንት እሾህ ሲጎትቱ ጉልበቴ ያሉት ጋሼ ታደሰ! ጋዜላ ሆኑ።

አባባ ብቻ ቀሩ። መሄድ ፈልገዋል፤ ግን አላዩም። ዱላቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይሰዳሉ። "በየት በኩል? ሀያት፣ በየት በኩል ነው?" ደግሞ እየሄዱ ያሉት ወደ ጠባቧ በር፣ ወደ ጉማሬው ነው።

እዚህ ጋ ነው መጻፍ የሚከብደኝ። ወረድኩ። በቲማቲሙ መሃል አልነበረም፤ በመንገዱም አልነበረም። በኦቦ ቱፋ ቦይ ውስጥ፣ በጎን፣ አጥሩ በማይደርስበት በኩል። ጉማሬው ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዞረ። ጆሮዎቹ ተንቀሳቀሱ። ሩጪ ሩጪ ይለኛል ሰውነቴ በሙሉ፤ የት እንደምሮጥ አይነግረኝም እንጂ። ቆምኩ። ዝም አልኩ። በልቤ "መንገድህ ላይ አይደለሁም፣ እየው፣ ውሃህ ያውልህ፣ ክፍት ነው" አልኩት። ቀስ ብዬ ወደ ጎን አንድ እርምጃ። ደግሞ አንድ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ።

አባባ ጋ ደርሼ እጅጌያቸውን ይዤ ወደ ቦዩ ጎተትኳቸው። "ዝም ይበሉ፣ በአላህ ዝም ይበሉ" አልኳቸው በሹክሹክታ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በሉ ብያቸው አላውቅም። ዝም አሉ። ቦዩ ውስጥ ተቀመጥን።

ጉማሬው አፉን ዘጋ። ተንቀሳቀሰ። እሾሁን እንደ መጋረጃ ገፍቶ ገባ፤ በሞተሮቹ ጎን አለፈ፤ ዞር ብሎ እንኳን አላያቸውም። የአባባን የውሃ ማውጫ ቱቦ ረገጠው፤ ጷ ብሎ ፈነዳ። ከዚያ ውሃው ተቀበለው። ጆሮውን አራግፎ ጠፋ።

እኔ የማታውን እራት ቦዩ ውስጥ አስታወክሁት።

ኦቦ ቱፋና ጋሼ ታደሰ እያለከለኩ ተመለሱ።

"የታሉ ለኪዎቹ?"

"የሉም" አልኩ። "ውሸቴን ነው።"

ጋሼ ታደሰ ቀሉ። "በሽማግሌ ይቀለዳል? በዚህ ዕድሜዬ ታስሮጪኛለሽ?" ኦቦ ቱፋ ግን የፈረሰውን አጥር፣ ቀጥሎም ሲቆሙበት የነበረውን ቦታ አዩ። ጉማሬው የቆሙበትን መሬት ረግጦ ነው የገባው። ሊስቁ ጀምረው ተዉት። "ሂን ሶዳቲን" አሉኝ፤ አትፍሪ ማለታቸው ነው።

አባባ ዱላቸውን እየመቱ ተከተሉኝ። ቤት ልንደርስ ስንል፣

"ጫማዬን የት ነው ያደረግሽው?"

ዓርብ

አባባ ትናንት ሙሉ ቀን አላናገሩኝም። ለአክስቴም ምን እንደሆነ አልነገሯትም፤ ጋሼ ታደሰ ግን ለከተማው ሁሉ ነግረዋል፤ ራሳቸው ጉማሬውን በዓይናቸው አስፈራርተው ውሃ እንዳስገቡት።

ከጁምዓ በኋላ ሦስቱም ማሳው ላይ ተሰበሰቡ። ለጉማሬው መንገድ ይተውለት የሚለው ላይ፣ ይገርማል፣ ተስማሙ። በማን ማሳ ይለፍ የሚለው ላይ አልተስማሙም። ጋሼ ታደሰ "በሐጂ በኩል ቢሆን" አሉ። አባባ "በቱፋ በኩል ሰፊ ነው" አሉ። ኦቦ ቱፋ "ለመንግሥት ሠራተኛ የሚስማማ ክብር ነው፣ በታደሰ በኩል ይለፍ" አሉ። ጉማሬው ሙሽራ ይመስል አንዱ ለሌላው ይጋብዘዋል።

መንገዱ እንደማይቀየር ብነግራቸው ማን ይሰማኛል? ዝም ብዬ አባባን በእጃቸው ይዤ ወሰድኳቸው። ዱላቸውን አንዱ ጎድጓዳ ውስጥ አስገባሁት፣ ቀጥሎ መሃሉ ላይ፣ ቀጥሎ ሌላኛው ጎድጓዳ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። ጠንካራ ነው፤ የአንድ ዓመት መንገድ አይደለም።

"ባቱ ስመጣ ውሃው ከዚህ በላይ ነበር" አሉ። ትንሽ ቆዩ። "ውሃው ሲሸሽ እሱም እንደ እኛ እየተከተለ ነው የረገጠው።"

ተነሡና እጃቸውን አራገፉ።

"እዚህ ያለውን ንቀይው።"

ቲማቲም ነቀልኩ። ገና አረንጓዴ የሆነ፣ ሊቀላ የደረሰ፣ ሁሉንም። አባባ አያዩም ብዬ አንዳንድ ቆንጆ ቆንጆውን ዘልዬ ነበር። "ያን ዘለልሽ" አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እንጃ። ጋሼ ታደሰ ቆመው አዩና ሬዲዮአቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሳያስቡት ይሁን አስበው፣ ከእሳቸውም በኩል አንድ መስመር ነቀሉ።

ማታ አባባ ጠሩኝ። "ውሸትሽ ሐራም ነው። ኢስቲግፋር አድርጊ፣ አላህን ምሕረት ለምኚ።"

"እሺ አባባ።"

"ሩጫሽ ግን ጠቅሞኛል።"

ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኋቸው። ነገ ወደ አዳማ እመለሳለሁ። ከእንግዲህ ሱብሂ ሰግደው ትንሽ ይጠብቁ፣ ፀሐይዋ ብቅ ስትል ይውረዱ፤ እሱ ያኔ ገብቷል። አልቆጡኝም። ግን እሺም አላሉኝም።

"ሞተር በጊዜ ይነሣል" አሉ። ይኼው ብቻ።

መንገድ ከፍተንለታል፤ ይኼ ጥሩ ነው። ግን አባባ በሱብሂ ሰዓት ያንኑ መንገድ ይዘው ወደ ሞተሩ ከሄዱ ፊት ለፊት ነው የሚገናኙት። አያዩትም። ማን ይከተላቸዋል? አክስቴ ሱቋን ትከፍታለች። ዘበኛው ቡልቡላ ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደግሞ ጫማ መደበቅ አልሠራም። ዱላ ብደብቅ? ጥርሳቸውን ብደብቅ? ሰው ሠራሽ ጥርስ የላቸውም እንጂ አስቤበት ነበር።

ቅዳሜ

ሳልተኛ የተኛሁ መሰልኩ። አባባ እኔ ሳልኖር ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ ፈለግሁ።

ተነሡ። ሳሉ። ውዱእ አደረጉ፤ ውሃው ከመታጠቢያ ጀበናው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ሰገዱ። ዱላቸው ሲሚንቶውን መታ። ቆርቆሮ በሩ ሲጥ አለ። ውጭ ገና ጨለማ ነው። ሻርፔን አነሣሁ፤ ልከተላቸው ነው።

ዱላው ቆመ።

ጠበቅሁ። ምንም። ቁልቁል የሚሄድ ኮቴ የለም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ የጋሼ ታደሰ ሬዲዮ መጣ፤ ከሬዲዮው ቀጥሎ ራሳቸው።

"ሐጂ! ምነው፣ ዛሬ አልወረዱም?"

"ገና አልገባም" አሉ አባባ። "ይለፍ መጀመሪያ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ምን ማን ነገረዎት አለው! እኔ ድሮም አውቃለሁ።"

ድሮም አውቃለሁ! ወላሂ በሩን ከፍቼ ልጮህ ነበር። አፌን በሻርፔ ያዝኩ።

ጋሼ ታደሰ ዞሩ። ሬዲዮው ወደ ታች አልወረደም፤ ወደ ቤታቸው ነው የተመለሰው።

በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። አባባ አጥሩ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ። ከታች ከሐይቁ በኩል ያ ድምፅ መጣ። ሆሆሆ። ጀርባዬ ላይ ውርር አለኝ፤ አልዋሽም፣ ሁልጊዜም የሚለኝ መሰለኝ። ግን ከየት ወደ የት እየሄደ እንደሆነ አውቃለሁ።

"አልተኛሽም እንዴ?" አሉ ሳይዞሩ።

"አሁን ነቃሁ።"

"ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ገና ነው።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።